ቀይ ነጥብ ያለበት ጥርስ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ቅጥፈት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ የደሴቶቻችን ዋና ከተማ ሱቫ ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ አይውረድ። ሱቫ የኖረ ሰው ይህ እንዴት ያለ ከባድ መሐላ እንደሆነ ያውቃል፤ እኛ የምንደነግጠው ሰማዩ ሲጠራ ነው። አሁንም አላምንም የሚል ካለ ራይዋንጋ ሰፈር ይምጣና ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ካሉት የመንግሥት ፎቆች የመጨረሻው ላይ ወጥቶ ሽማግሌውን አፒሳይን ይጎብኝ። አፒሳይ ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረ፣ መዳፉ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ ሰው ነው። ታዲያ እንግዳ ደጁን በረገጠ ቁጥር ያንን ሁሉ መዳፍ መቀመጫው ሥር ወሽቆ ቁጭ ይላል። ሻይ ቢቀርብለት እንኳ እንግዳው እስኪወጣ አይነካም። ሰው እርጅና ይመስለዋል። አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ጧት ነው። የአፒሳይ ሁለተኛ ልጅ ኡናይሲ ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የተማሪ ሽርጥ ጠርዝ ትሰፋ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አበባ ያለበት መጋረጃ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ወዲያ ማዶ የአባቷ ሰሌን፣ ሬዲዮውና አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ ወዲህ ማዶ የእሷ አልጋ፣ መኪናዋና የሰው ጨርቅ ክምር። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ለምን አታገቢም ለሚላት ሁሉ «መጀመሪያ ይቺን ጠርዝ ልጨርስ» ትላለች፤ ጠርዙ ግን አልቆ አያውቅም። ያን ጧት በበሩ በኩል የወንዶች ሳል ሰማች፤ ቀጥሎ የሰሌን መንኮሻኮሽ፤ ቀጥሎ መዳፍ ጎድጉዶ ከመዳፍ ሲገጥም የሚወጣው ያ ወፍራም ጭብጨባ። እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። እንዲህ የሚጨበጨበው ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲታረቅ ወይም ሰው ሲጠየቅ ነው። ማንም አልሞተም። የተጣላም የለም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት።

መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። የሟች እህቷ የሎሳና ባል ሳኪዩሳ ራሱን ደፍቶ ሰሌኑ ዳር ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ አጎቱ ፔናያ አለ፤ ለዘመዶቹ ሁሉ አፍ ሆኖ የሚናገር፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። በሁለት እጁ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዟል፤ ከኮኮነት ቃጫ የተገመደው ማሰሪያ ጉልበቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ታምቡአ ይባላል፤ እዚህ አገር ትልቅ ነገር የሚጠየቀው በእሱ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ፀጉሯ በዘይት ወዝቶ፣ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላት ቫሲቲ ቆማለች። የሎሳና ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ፣ ከዓመት በላይ ማለት ነው፣ የእናቷን ወገኖች ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አፒሳይ በየእሑዱ ካሳቫ ቀቅሎ፣ በሳህን ከድኖ ይጠብቃት ነበር። በየእሑዱ ደግሞ ከአባቷ ሰፈር ከላሚ አንድ ምክንያት ይመጣል፤ ጉንፋን ይዟታል፣ ባሕሩ ሞልቷል፣ መኪናው ተበላሽቷል። ማታ ማታ ካሳቫውን ራሱ ቀዝቃዛውን ይበላዋል።

ልጅ ወደ እናቷ ወገኖች መጀመሪያ ስትመጣ፣ ወይም ከለቅሶ በኋላ ስትመለስ፣ በጥርስ ነው የምትገባው። ይኸው ፊቷን እዩት ተብሎ ጥርስ ይቀርባል፣ አያት ይቀበላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ይህን ለማወቅ እዚህ አገር ትምህርት ቤት አይኬድም። አፒሳይ ጥርሱንና ልጅቷን በአንድ ላይ ሲያይ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ፔናያ ገና የቤቱን ክብር፣ የአፒሳይን አባት፣ የአያቱን ደሴት እያወደሰ ነው። እንዲህ ያለ ንግግር አብዛኛው ውዳሴ ነውና የመጣበት ጉዳይ የሚታወቀው ከጭራው ላይ ነው። ኡናይሲ ግን አንድ ነገር ታያት፤ የቫሲቲ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ሳታወጣ ከፔናያ ጋር ቃል በቃል እኩል ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ትቀድመዋለች። ይህን ንግግር ቤታቸው ውስጥ ሲለማመዱት ሰንብተዋል ማለት ነው። ልጅ ለማስገባት ማን ሳምንት ሙሉ ይለማመዳል?

ኡናይሲ «አባባ» ልትል አፏን ከፈተች። ሴት በዚህ መሀል ድምፅ አታሰማም። እሷ ስታመነታ አፒሳይ በጉልበቱ ዳኸ፤ ያ ሰፊ መዳፉ ተዘረጋና ጥርሱን ከፔናያ እጅ ወሰደው። ንግግሩ ሳያልቅ። ወስዶም ደረቱ ላይ አስጠጋው። ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው፣ ዕንባው አገጩ ደርሷል።

ፔናያ አልተቆጣም። ወጥመዱ ሲዘጋ እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ።

«የቀረችኝን ቃል ልጨርስ፣ ጋሼ አፒሳይ» አለ። «ሎሳና ትታው የሄደችው ቦታ ቤታችን ውስጥ ባዶ ነው። ልጅቷም እናት የላትም። ስለዚህ የጠየቅነው ኡናይሲን ነው። እጅዎ ካፋችን ቀድሞ እሺ ብሎናል፤ እግዜር ይስጥልን።»

ሦስት ጊዜ ተጨበጨበ። ጥርስ ከተያዘ ተይዟል፤ አላወቅሁም ነበር አይባልም፣ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር አይባልም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪና ይዘን እንመጣለን ብለው ሲነሱ ቫሲቲ በመጋረጃው ሥር ሾልካ ወደ ኡናይሲ ገባች። ልውሰድ ብላ አልጠየቀችም፤ የእህት ልጅ በእናቷ ወገኖች ቤት አትጠይቅም። ያየችውን ታነሳለች፣ ሬዲዮም ይሁን ዶሮ ይሁን የአጎቷ ጀልባ፣ ያነሳችው የሷ ነው፣ እንቢ የሚላት የለም። «ዛሬ ይቺ ቤትዎን አራቁታ ነው የምትሄደው» እያለ ፔናያ ከወዲያ ማዶ ሳቀ። ልጅቷ ግን ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አንዲት የቀይ ክር ጥቅል ብቻ አነሳች።

«ለአያቴ ነው» አለች በኡናይሲ ጆሮ። «ክር ካገኘሽ አምጪ ብላኛለች።»

መኪናቸው ሄደ። የሎሚ ቅጠል ሻዩ ቀዘቀዘ። ዝናቡ መጣ፤ ከታች ሰዎች ልብስ ከገመድ ሊያወርዱ ሲሯሯጡ ይሰማል። አፒሳይ ጥርሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። በመጨረሻ «ልጅቷን አይቼ ነው» አለ። ኡናይሲ ጥርሱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው። ጫፉ ጋ፣ ማሰሪያው ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች።

ይህችን ነጥብ ታውቃታለች። ያኔ፣ ሎሳና ሳታገባ፣ ይኸው ጥርስ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሎሳና ወድዳ ነው ያገባችው፤ ሳኪዩሳ ከመዘምራኑ መሀል ቆሞ ሲዘምር ሰምታ፣ ያን እሑድ ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር እንኳ ሳታውቅ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው። ጥርሱ በመጣ ማታ ጥፍሯን እየተቀባች ልታየው ስትል ቀለሙ ጠብ አለባት፤ በላምባ ፈተጉት፣ በአሸዋ ፈተጉት፣ አልወጣም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አፒሳይ ራሱ ይህንኑ ጥርስ ተሸክሞ ላሚ ሄደና ለሎሳና ለቅሶ ከሬሳዋ ፊት አስቀመጠው። አሁን ተመልሶ መጣ። ሎሳና ታመመች የተባለውን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ ሊጠይቋት ሲሄዱ ተኝታለች እየተባሉ ከበረንዳ ተመልሰዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ ደውላ ነበር። «ወፍረሻል ወይስ እንደዛው ነሽ?» አለቻት ኡናይሲን፣ በሹክሹክታ። እንደዛው ነኝ ስትላት «ብዪ እንጂ፣ ጎደሬ ብዪ። ወፍሪ። እባክሽ ወፍሪ» አለች። ኡናይሲ ያን ቀን ስቃባት ነበር።

«ይሄ እኮ የሷ ነው፣ አባባ።»

«ጥርስ ከቤት ቤት ይዞራል» አለ አፒሳይ።

ከደረጃው ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው አሲናቴ አንድ ሳህን ጎደሬ ሰበብ አድርጋ ገባች። የግድግዳው ብሎክ ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ አልሰማሁም ለማለትም አልሞከረች። ሰሌኑ ላይ ዘፍ አለችና ኡናይሲን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ሰው የሚያገባው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ?» አለች። «ዝናብ ሲመጣ ልብስ የሚያወርድለት ሁለተኛ ሰው እንዲኖረው ነው። ሌላው የሰባኪ ወሬ ነው።»

«አንቺ አግብተሽ የለ፣ ማን ነው የሚያወርደው?»

«እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሰው ግን አለ፣ ሶፋው ላይ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ። እሺታውን ለመመለስ ሌላ ጥርስ ይዘሽ መሄድ አለብሽ፤ ከተማ የወለድ አገዱ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፣ ዋጋውን አይቼ ግን እግሬ ከዳኝ። ወይ ደግሞ ሳኪዩሳ ራሱ አልፈልጋትም ይበል። ጠያቂው ከተወው ማንም አያፍርም። ግን ያ ልጅ እናቱ ሳትፈቅድለት አስነጥሶ ያውቃል እንዴ?»

ኡናይሲ ተነሳች። ላሚ ሄዳ እሱን ልታናግረው ነው። መቀስና ሜትሯን የምትይዝበትን ቦርሳ ስታነሳ ከበዳት፤ አባቷ መቼ እንደሆነ ሳታየው ጥርሱን ከትቶበታል። ዘወር ስትል ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቷት የሬዲዮውን ቁልፍ እያዞረ ነው፤ ሬዲዮው ግን ከሰኞ ጀምሮ ባትሪ የለውም።

ባዶ እጅ አይኬድምና ከታች ሱቅ ዳቦና አንድ ጣሳ ዓሣ ገዛች። የዓሣው ዋጋ እንደገና ጨምሯል። ባለ ሱቁ ራምሱንደር ዜናው ከደረጃው ቀድሟት ስለወረደ ለአማቶች መሆኑን አልጠየቃትም፤ ጣሳውን በእጁ ጠርጎ ሰጣት። «እኔን ያጋባኝ አባቴ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «በሠርጉ ቀን ከኔ ይልቅ እሷ ፈርታ ነበር። ለምን እንዳገባን ሳንጠያየቅ ሱቅ ከፈትን።» ኡናይሲ «ታዲያ ጥሩ ነው?» አለችው። «ሱቁ?» አለ ራምሱንደር፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

አውቶቡሱ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራው ይወርዳል፣ ውስጡ ይጨልማል፣ ሰው እርጥብ ጉልበቱን ከእርጥብ ጉልበት ጋር አድርጎ ዝም ይላል። ጥርሱ ጭኗ ላይ እንደ ተኛ እንስሳ ከብዷታል። ላሚ ስትወርድ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ባሕሩም እንደ ተጠረገ ወለል ሆኖ። ይህን አልወደደችውም። የእነ ሳኪዩሳ ቤት ውኃ ዳር፣ ሥራቸው አየር ላይ ከወጣ ዛፎች መሀል፣ በእንጨት እግር ላይ ቆሟል። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከወለሉ ሥር ይገባል፤ ሳንቃዎቹ መሀል ያለው ክፍተት የሰው መዳፍ ያሳልፋል። በረንዳው ላይ ወንዶቹ ከተክል ሥር የሚጨመቀውን መጠጥ፣ የካቫውን ሳህን ከበው ተቀምጠዋል፤ ጧት የመጡት ሁሉ አሉ፣ ፔናያም አለ፣ ሳኪዩሳም አለ፣ ከነሱ ጋር አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ካቫውን እየጨመቀ። የሳኪዩሳ እናት ኬሌራ በበሩ ላይ ብቅ አለች። አጭር፣ ደረቅ፣ እጇ ከሁሉ ነገሯ የሚረዝም ሴትዮ ናት።

«ነገ ነው ያልነው፤ ዛሬ መጣሽ» አለች፣ ሳትገረም። «ጥሩ አደረግሽ፣ ልጄ። ልኩን እናየዋለን።»

የምን ልክ እንደሆነ ሳትነግራት እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ክፍሉ የሎሳና ነበር። አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል፤ ቫሲቲ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ቀዩን ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት እየታገለች ነው። ኬሌራ ቁምሳጥኑን ከፈተች። የሎሳና የእሑድ ቀሚሶች በተርታ ተሰቅለዋል። ሎሳና ሰፊ ሴት ነበረች፤ ትከሻዋም፣ ዳሌዋም፣ ሳቋም። ቀሚሶቹ ግን ቀጭን ናቸው። ኡናይሲ አንዱን አውርዳ በጎኑ በኩል ገለበጠችው። ሁለት ጎኑ ገብቷል፣ ጡቱ ላይ ተሰብስቧል፣ ወገቡ ጠቧል፤ ሜትር ማውጣት ሳያስፈልጋት ልኩ የማን እንደሆነ አወቀች። ሌላውን አየች፣ ቀጥሎ ያለውን አየች። ሁሉም የኡናይሲ ልክ ነው። ስፌቱ ደግሞ ነፋስ እንደሚገፋው ዝናብ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሎሳና ግራኝ ነበረች።

ቫሲቲ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«መቀመጥ እስከቻለች ድረስ ትሰፋ ነበር» አለች ኬሌራ። «እኔ ነኝ ያልኳት። እህትሽ ቀጭን ናት፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለምን ይጣላል አልኳት። መጀመሪያ እህቴ ወፍራለች ብላ ልትዋሸኝ ሞክራ ነበር። ኋላ እሺ አለች። እሺ የምትል ልጅ ነበረች።»

«ምን ነበር ያመማት?»

«ዝም ብላ ነበር የምትከሳው።» ኬሌራ የመጨረሻውን ቀሚስ አወረደች። አንድ ጎኑ ገብቷል፣ ሌላው ጎኑ እስከ ግማሹ ብቻ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ያቆመበት ቦታ ላይ መርፌ እንደተሰካ ዝጎ፣ ጨርቁ ላይ ቡናማ ክብ ሠርቷል። «ይቺን ሳትጨርሳት ክር አለቀ። አሁን ክር መጣ፤ አንቺም መጣሽ። በእጅሽ ጨርሻት።»

ኡናይሲ ቀሚሱን አልተቀበለችም። ኬሌራ አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ሰው የተኛ ይመስል ግራና ቀኝ አስተካከለች። ከዚያ ከምን እንደመጣ በማይታወቅ ረጋ ያለ ድምፅ «እኔም ወደዚህ ቤት የገባሁት በሌላ ሴት ቀሚስ ነው» አለች። «የአክስቴ ልጅ ነበረች። ብብቱ ይጠበኝ ነበር፤ እሑድ እሑድ እጄን ማንሳት ስለማልችል ሳልዘምር ነበር የምመለሰው። ቆይቶ ልክ ሆነኝ። ሰው የሚያገባው ለምን ይመስልሻል? ለዘፈን? እህትሽም እንደዛ መስሏት ነበር። ቤት ባዶ እንዳይሆን ነው። ምድጃው ጋ አንድ ሰው መቆም አለበት። ሴትየዋ ትቀያየራለች፤ ቦታው ያው ነው።» ይህን ብላ ማሰሮው ሲገነፍል ሰማችና ወጣች።

ቫሲቲ መርፌውን አስቀመጠች። ዓይኗ የኡናይሲ ቦርሳ ላይ ነው።

«ጥርሱ እዚህ ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

«የአያቴ የአፒሳይ ነው አሁን?»

«የሱ ነው። ከእሱ ደግሞ ያሻሽን መውሰድ ትችያለሽ። አንቺ እንኳ መጠየቅ የለብሽም።»

ልጅቷ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበችው። «ንግግሩን ሁሉ አውቀዋለሁ» አለች። «አጎቴ ፔናያ መጨረሻው ላይ ይሳሳት ነበር። የማስታውሰው እኔ ነኝ።»

ኡናይሲ ልጅቷን አየቻት። ቦርሳውን ሳትዘጋ አነሳችና ወደ በረንዳው ወጣች።

ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጎኗ አደረገች። ወንዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ከወለሉ ሥር ባሕሩ እየሞላ ነው፣ እንጨቶቹን ላስ ላስ ያደርጋል። ኡናይሲ ለሌሎቹ ሳይሆን ለሳኪዩሳ ብቻ ተናገረች። «ልወቅስህ አልመጣሁም። አልፈልጋትም በል። አንተ ካልክ ያልቃል። ሎሳናን ወድደሃት ከነበረ በል።» ሳኪዩሳ የካቫ ሳህኑን አየ፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመችውን እናቱን አየ፤ ቀጥሎ እንደገና ሳህኑን። ያ ሁሉ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማው ጉሮሮ ከፍ ዝቅ አለ፣ ምንም ግን አልወጣበትም።

«ጥርስ እኮ የለስላሳ ጠርሙስ አይደለም፣ እትዬ» አለ ፔናያ። «ጠጥተን ስንጨርስ ለሱቁ አንመልሰውም።»

ወንዶቹ ሳቁ። ኡናይሲ እጇን ወደ ቦርሳው ሰደደች፤ ጥርሱ የለም። ቀና ስትል ቫሲቲ ከወንዶቹ መሀል ተንበርክካ ጥርሱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛዋለች፣ ማሰሪያው ክንዷ ላይ ተጠምጥሟል።

«ዘረፈቻቸው» አለ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ደስ ብሎት። «በቀን በብርሃን።»

«የሷ ነው እንግዲህ» አለ ፔናያ። «ያነሳችው የሷ ነው። እኛ ደግሞ በንግግር የሰጠነውን በልጅ አገኘነው።»

ቫሲቲ ሆዷን ነፋችና ድምፅዋን አወፈረች። ጀመረች። የቤቱን ክብር፣ የአባቶቹን ስም፣ የውኃውን ዳርቻ፣ ፔናያ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እንኳ ትንፋሽ እየወሰደች። ወንዶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከሁሉ የሳቀው ፔናያ ነው፤ ጭኑን እየመታ «እኔ ነኝ እኮ፣ እኔው ነኝ» ይላል። የጥርሱ ክብደት ግን የልጅ ክንድ የሚችለው አይደለም፤ ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ጥርሱ በዘይት ከወዛ ጣቷ እየሾለከ ወደ ሳንቃዎቹ ክፍተት፣ ወደ ውኃው አዘመመ። «ተይ፣ ባሕር ውስጥ ትጥዪዋለሽ» አለች ኬሌራ። ልጅቷ አላቆመችም። ጥርሱ ሾለከ። ኬሌራ ጎንበስ አለችና በእነዚያ ረጃጅም እጆቿ ቀለበችው፤ ቀልባም ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«የቀረችኝን ቃል ልጨርስ» አለች ቫሲቲ።

ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም።

«እናቴ ትታው የሄደችው ቦታ ባዶ ነው» አለች፣ አሁን በራሷ ቀጭን ድምፅ። «የእናቴ ቤት ማለቴ ነው። ስለዚህ የጠየቅነው ሁለት ሰው ነው። አክስቴን ተዉልን፣ እኔንም ስጡን። እጅዎ ካፋችን ቀድሞ እሺ ብሎናል፤ እግዜር ይስጥልን።»

ፔናያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «የልጅ ጨዋታ ነው፣ አይደለም እንዴ?» አለ። ሽማግሌው ካቫውን መጭመቅ አቁሞ ነበር። «ልጅቷ ልትጫወት ትችላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ጥርሱ ግን የሷ ነበር፤ አንተው ነህ የሷ ነው ያልከው። አሁን ደግሞ ኬሌራ ይዛዋለች።» ኬሌራ ጥርሱን ከደረቷ አራቀችው፤ ቀይዋ ነጥብ ወደ ውጭ ዞራለች። ልትጥለው የፈለገች ትመስላለች። ጥርስ አይጣልም። ያኔ ከሰሌኑ ዳር አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ጎድጓዳ፣ ወፍራም። ሁሉም ዞሩ። ሳኪዩሳ ነው። ራሱን እንደደፋ፣ ማንንም ሳያይ ሁለተኛ አጨበጨበ፤ ሦስተኛ አጨበጨበ። ቀኑን ሙሉ ከሱ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ኬሌራ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ኡናይሲ ዞረች። ቁጣ የለባትም፤ የደከማት ትመስላለች።

«ሂዱ» አለች። «ቤቱ ግን ባዶውን አይቀመጥም። ይህን ለአባትሽ ንገሪው።»

ሄዱ። ቀዩን ክር ቫሲቲ አልተወችውም፤ በቡጢዋ ይዛው ነው የወጣችው። አውቶቡሱ ላይ አንዲት ሴትዮ የገዛችው ዓሣ ከቅርጫቷ ሾልኮ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከወንበር ወንበር ሥር ይንሸራተት ጀመር፤ ሰው እግሩን እያነሳ ሲንጫጫ ቫሲቲም ሳቀች። ራይዋንጋ ሲደርሱ ዝናቡ ተመልሶ ነበር። አፒሳይ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ልጅቷ እየሮጠች መጥታ እቅፉ ስትገባ እንኳ እጆቹን ለመዘርጋት ፈራ። የማን እንደሆነች፣ ስለ ምን እንደመጣች፣ ንግግሩ ማለቁን ኡናይሲን በዓይኑ ጠየቃት። «አልቋል፣ አባባ፤ አሁን መያዝ ትችላለህ» አለችው። ያቀፋት ከዚያ በኋላ ነው።

የዝናቡ ወራት ሳይወጣ አንዲት የማትታወቅ ወጣት ከናውሶሪ ከተማ በኩል መጥታ የኡናይሲን በር አንኳኳች። ስሟን ስትጠየቅ አፍራ ነው የተናገረችው። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ቀሚሶች ይዛለች። ልታገባ ነው፤ ለሠርጉ ከአማቷ የተሰጧት ናቸው፤ ቆንጆ ናቸው ግን ወገቡ ጠቧታል፣ ትንሽ ብትለቂልኝ አለች። ጥርሱም እንዴት እንደሚያምር ነገረቻቸው፤ አንድ ቀይ ነጥብ ጫፉ ላይ ብቻ። ኡናይሲ የመጀመሪያውን ቀሚስ ገለበጠችው። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ግማሽ የተሰፋው ቀሚስም አለ፤ መርፌው ወጥቷል፣ ቡናማው ክብ ግን አልወጣም። ቫሲቲ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ ቀሚሶቹን አየችና ተመልሳ ገባች። አፒሳይ ሁለት እጁን መቀመጫው ሥር ወሸቀ። ኡናይሲ ተነስታ በሩን ዘጋችው፤ የስፌት መኪናዋን ከደነችና ወጣቷን ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ ከመጀመሪያው፣ ከጭብጨባው ጀምራ ነገረቻት። ወጣቷ ሰምታ ምን እንዳደረገች ራሷ ታውራው፤ ቀሚሶቹ ግን ዛሬም ኡናይሲ አልጋ ሥር ናቸው።

እንግዲህ ቃል ገብቻለሁና ልናዘዝ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አውቶቡሱ እውነት ነው፣ ዓሣውም ተንሸራትቷል፣ ሰውም ተንጫጭቷል። ቫሲቲ ሳቀች ያልኩት ግን የኔ ነው። አልሳቀችም። እስካሁንም ገና ነች።